ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ፦ የማግኔት መለኪያው «ደህና ነው» ያለው ቧንቧ ለምን አፈሰሰ?

ቧንቧ_ጠባቂ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ሰዎች። እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ፣ ብቻ መልስ ስጡኝ።

ባለ 6 ኢንች የካርቦን ስቲል መስመር አለን። በወረቀት ላይ የግድግዳው ውፍረት 7.1 ሚሊሜትር ነው። በ80 እና በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይሠራል። በየጊዜው ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ላዩ 50 ሚሊሜትር ሮክ ውል (ከዓለት የሚሠራ ጥጥ መሳይ ኢንሱሌሽን፣ ሙቀት መጠበቂያ)፣ ከዚያ በላይ የአሉሚኒየም ላሜራ። ባለፈው ዓመት ኢንሱሌሽኑን ሳናነሳ በማግኔት በሚለካው መሣሪያ አስፈተሽነው። በየግማሽ ሜትሩ፣ ዙሪያውን አራት አራት ቦታ። ሪፖርቱ መጣ። ሁሉም አረንጓዴ። ዝቅተኛው የውፍረት ንባብ 91 በመቶ። ፈረምኩ፣ ፋይሉን ዘጋሁ።

ከስምንት ወር በኋላ የፈረቃው ልጅ «ከቧንቧው ሥር የሆነ ነገር ይንጠባጠባል» ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ ከላሜራው መገጣጠሚያ ቡናማ ጠብታ ይወርዳል። ከፈትነው። ከታች በኩል፣ ከደጋፊው አጠገብ፣ አንዲት ጉድጓድ። መሃሏ ተበስቷል። ከእሷ አንድ ክንድ እልፍ ሲባል ደግሞ የቧንቧው ቀለም እንኳ አልተነካም!

ጥያቄዬ አጭር ነው። ማሽኑ ዋሽቶናል? ወይስ እኛ ነን ያላወቅንበት?

ክፈተው

አላልኳችሁም? ስሜን እንዲህ ያወጣሁት በምክንያት ነው። ኢንሱሌሽኑን አንሱት፣ በዓይናችሁ እዩት፣ በአልትራሳውንድ ለኩት። ሌላው ሁሉ ጥንቆላ ነው።

ሚሊሜትር

ጥንቆላስ አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ችግሩ ፊዚክሱ የሚለውን ሰው እስከ መጨረሻው አለመስማቱ ነው።

ቧንቧ_ጠባቂ፣ ወንድሜ፣ ከመፍረድህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። ጉድጓዷ በትክክል ስንት ሚሊሜትር ናት? ሪፖርቱ ላይ «ፉትፕሪንት» የሚል ቃል አለ?

ቧንቧ_ጠባቂ

በካሊፐር ለካኋት እህቴ። አፏ ላይ 25 ሚሊሜትር ገደማ። ፉትፕሪንት የሚለውም አለ፣ 100 ሚሊሜትር ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የፕሮቡ (ቧንቧው ላይ የሚያርፈው መለኪያ ጭንቅላት) መጠን መስሎኝ አልፌው ነበር።

ሚሊሜትር

ጉዱ ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው።

ይህ መሣሪያ ነጥብ አይለካም። ከፕሮቡ ሥር ያለውን ክብ ቦታ በአንድ ላይ ያይና አንድ ቁጥር ይሰጥሃል። አማካይ ነው። ፕሮቡ ከብረቱ በራቀ ቁጥር ክቡ ይሰፋል። የእናንተ ኢንሱሌሽን 50 ሚሊሜትር ስለሆነ ክቡ 100 ሚሊሜትር ደርሷል።

አሁን እናስላው። በ100 ሚሊሜትር ክብ ውስጥ የ25 ሚሊሜትር ክብ አስቀምጥ። የትንሿ ስፋት የትልቁ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። 6 በመቶ በል። እንግዲህ ጉድጓዷ ጥርት ያለች ቀዳዳ ብትሆን፣ ብርሃን ብታሳልፍ እንኳ፣ ከአማካዩ የምታጎድለው ይህችኑ 6 በመቶ ነው። ማሽኑ 94 ብሎ ያነባል። ሪፖርት ጸሐፊው አረንጓዴ ይቀባዋል። (ሒሳቤ ሻካራ ነው። የክቡ መሃል ከዳር ዳሩ ይበልጥ ይሰማዋል። ነገሩን ለማየት ግን ይበቃል።)

ስለዚህ 91 ሲልህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቧንቧው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ በስሱ ተልጧል፣ ወይ አንድ ቦታ ክፉኛ ተበልቶ ዙሪያው ደህና ነው። በቁጥሩ ብቻ ሁለቱን አትለያቸውም።

ሌላው ይብሳል። የ6 ኢንች ቧንቧ ዙሪያ 528 ሚሊሜትር ነው። በየ500 ሚሊሜትሩ አራት ክብ ስታሳርፍ ያየኸው ከገጹ 12 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረውን 88 በመቶ ማንም አላየውም።

ቧንቧ_ጠባቂ

12? ሪፖርቱ እኮ «የመስመሩ ርዝመት 100 በመቶ ተፈትሿል» ነው የሚለው።

ሚሊሜትር

ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደንበታል ማለታቸው ነዋ።

ክፈተው

ሃሃሃ። እኔ ምንም አልናገርም።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ፣ ሥራዬ ሌላ ነው፣ ክሩ ግን ያዘኝ። ማግኔት በላሜራና በ50 ሚሊሜትር ጥጥ መሳይ ነገር አልፎ የብረት ውፍረት የሚያውቀው እንዴት ነው? ማግኔት ወይ ይስባል ወይ አይስብም አይደል እንዴ?

ሚሊሜትር

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ቀስ ብለን እንሂድበት።

ፕሮቡ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ፣ ኮይል እንበለው። ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስትለቅ የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ ሮክ ውሉን ከምንም አይቆጥረውም። አሉሚኒየም ላሜራውንም ያልፋል። ቧንቧው ጋ ሲደርስ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ድንገት ትቆርጠዋለህ። ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብረት ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። መስኩ ሲጠፋበት በራሱ ውስጥ እንደ ውሃ አዙሪት የሚዞር የኤሌክትሪክ ጅረት ያስነሳል፣ የጠፋውን መስክ ሊይዝ ይታገላል። ኤዲ ከረንት የሚባለው እሱ ነው። በ1855 ያገኘው ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ ስለሆነ የፉኮ ጅረት የሚሉትም አሉ። አዙሪቱ መጀመሪያ የሚነሳው በብረቱ ላይኛ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ፈስሶ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲሄድ አስበው። እየሰረገ እያለ ምልክቱ በዝግታ፣ በታወቀ መንገድ ይደክማል። የግድግዳው ሌላኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን የሚሄድበት የለውም። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ቁልቁል ይወርዳል።

ያ መታጠፊያ በስንተኛው ሚሊሰከንድ መጣ? መልሱ ውፍረቱን ይነግርሃል። ጊዜው ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። ግድግዳው በግማሽ ከሳሳ መታጠፊያው በሩብ ጊዜ ይመጣል። መሣሪያው ሰፋ ላለ መሳሳት ጎበዝ የሆነው ለዚህ ነው። ዘዴው ፐልስድ ኤዲ ከረንት ይባላል። አይኤስኦ 20669 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃም በ2017 ወጥቶለታል።

ጥያቄ_አለኝ

ገባኝ! ግን ለምን መቁረጥ አስፈለገ? ተራ የሶኬት ኤሌክትሪክ ራሱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይገለባበጥ የለ እንዴ?

ኮይል_ጠምጣሚ

ይህቺን እኔ ልመልስ፣ ሰሞኑን ፈተና ስለነበረብኝ ትኩስ ናት። ተለዋዋጭ መስክ ወደ ብረት ሲገባ ጥልቀቱ ውስን ነው። በ50 ኸርዝ አሉሚኒየም ውስጥ 12 ሚሊሜትር ያህል ይገባል፣ ስለዚህ ስስ ላሜራ አያስቆመውም። ካርቦን ስቲል ውስጥ ግን 3 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ይደክማል፣ ብረቱ ራሱ ማግኔታዊ ስለሆነ። 7 ሚሊሜትር ግድግዳ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ አይነግርህም። ፐልስ (ተለቅቆ ድንገት የሚቆረጥ ምት) ሲሆን ግን ዝግተኛውም ፈጣኑም ለውጥ አንድ ላይ አለበት። ዝግተኛው ጥልቅ ይገባል።

ጋሼ_ዝገት

ልጆች፣ ስታወሩ አነባለሁ። ማሽኑን ለጊዜው እንተወው። ውሃው በየት ገባ?

ኢንሱሌሽን ቧንቧ አይበላም። የሚበላው ውሃ ነው። ኤፒአይ 583 የሚባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም መመሪያ ለካርቦን ስቲል አደገኛውን የሙቀት ክልል ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ እስከ 175 ዲግሪ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ውሃው ብረቱን ሳይነካ ይተናል። ከዚያ በታች ይቀዘቅዝና ይተኛል። 80ና 90 ግን ቁጭ ያለው መሃል ላይ ነው። ውሃው ይሞቃል፣ ግን ቶሎ አይደርቅም። በዚያ ላይ መስመራችሁ ይቆማል፣ ይነሳል። ሲቆም ይረጥባል። ሲነሳ ውሃው ይተንና ጨዉን ጥሎ ይሄዳል። ሲደጋገም ጨዉ ይጠራቀማል። ሁልጊዜ ከሚሞቅ መስመር ይልቅ እንዲህ ያለው ነው ያስቸገረኝ።

አንተ ደግሞ ልጄ፣ «ከታች፣ ከደጋፊው አጠገብ» ብለህ ጽፈሃል። ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንቅፋት ሲያገኝ ይቆማል። ደጋፊ፣ ፍላንጅ (ሁለት ቧንቧ በብሎን የሚያገናኝ ቀለበት)፣ ቫልቭ፣ ወደ ጎን የወጣች ትንሽ ቧንቧ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር እግር። ላሜራው የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ በር ነው። ያን ሁሉ በመጀመሪያ በዓይንህ ዞረህ ታየዋለህ። ላሜራው ሆዱን የነፋበት ቦታ ካለ ቶሎ ድረስ። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፣ ላሜራውን ከውስጥ ይገፋዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህችን አደራ። ኢንሱሌሽኑን ከፍታችሁ የዝገት ቅርፊት ብታገኙ፣ መስመሩ ግፊት እያለበት በመዶሻም በመፋቂያም እንዳትነኩት። አንዳንዴ ፈሳሹን የያዘው ቅርፊቱ ብቻ ነው። የቆየ ኢንሱሌሽን ከሆነ ደግሞ ከመቅደዳችሁ በፊት አስቤስቶስ መሆን አለመሆኑ ይመርመር።

ላሜራ_ሠራተኛ

እኛን ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ላሜራ የሚገጠመው ተደራርቦ ነው። የላይኛው በታችኛው ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን መውረድ አለበት፣ አፉ ወደ ታች ወይ ወደ ጎን ዝቅ ብሎ። አፉ ወደ ላይ የዞረ መገጣጠሚያ ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ! ሥራ ሲቻኮል ማን ያያል። ሲሊኮኑም ዕድሜ ልክ የሚቆይ ይመስላቸዋል። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ማንም ተመልሶ አይቀባውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቧንቧ ላይ የሚቆም ሰው ነው። መሰላል ላለማምጣት ይወጣበታል። ላሜራው ይጎደጉዳል፣ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ጎድጓዳው ላይ ውሃ ያቁራል። ከዚያ «ኢንሱሌሽኑ ጥሩ አልተሠራም» ይባላል።

ኢንስፔክተሮችም አትቀየሙኝና እናንተም አላችሁበት። ለመለካት ብላችሁ ላሜራውን ክብ አድርጋችሁ ትቆርጡና የጎማ ክዳን ትሰኩበታላችሁ። ክዳኑ ይወድቃል። ቀዳዳው ይቀራል። የምትፈልጉትን ዝገት ራሳችሁ ትጋብዙታላችሁ።

ጋሼ_ዝገት

እውነቱን ነው። ጥፋተኛ ነኝ።

ክፈተው

እና አሁንም ሁሉንም መክፈት አይሻልም? ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ይፍረዱ።

ጋሼ_ዝገት

ቢቻልማ ማን ይጠላል። ግን መቶ ሜትር ከፍተህ መቶውን ሜትር እንደ መጀመሪያው የሚገጥም ሰው ከየት ታመጣለህ? መስመሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ መወጣጫው ብቻ ሳምንት ይፈጃል። ደህና ደረቅ የነበረውንም ከፍተህ በግማሽ ልብ ስትዘጋው አዲስ በር ከፈትክ ማለት ነው። እኔ የምመርጠው የት እንደምከፍት የሚነግረኝን ነገር ነው።

ሁለተኛ_ፈረቃ

ከዚሁ ሳንወጣ፣ የእኛ ላሜራ አሉሚኒየም አይደለም፣ ጋልቫናይዝድ ነው። ሊለኩ የመጡት ሰዎች ሞክረው «ምልክቱ አይረባም» ብለው ሄዱ። ሰበብ ነው ወይስ እውነት?

ሚሊሜትር

እውነት ነው። ጋልቫናይዝድ ማለት ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ብረት ስለሆነ መስኩን ለራሱ ይወስደዋል፣ ለቧንቧው የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም። ላሜራውን በኃይለኛ መስክ አጥግበው ከዚያ በላይ መዋጥ እንዳይችል የሚያደርጉ ለዚሁ የተሠሩ ፕሮቦች አሉ። ከባድ ናቸው፣ ሥራውም ይዘገያል። ኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሽቦ መረብ ካለም ንባቡን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የስቴንለስ ላሜራ ችግር የለውም። ቧንቧው ራሱ ስቴንለስ ከሆነ ግን ይህን ዘዴ ተዉት። የተለመደው ስቴንለስ ማግኔታዊ አይደለም፣ በሽታውም ሌላ ነው። አይሳሳም፣ በክሎራይድ (በጨው ውስጥ ያለው) ይሰነጠቃል።

ጥያቄ_አለኝ

ሌላም ጥያቄ አለኝ (ስሜን አይታችኋል)። ኢንሱሌሽኑ ውሃ ቢጠጣ ማሽኑ አይደናገርም?

ሚሊሜትር

አይደናገርም። ውሃን ጭራሽ አያየውም። የዝገት ቅርፊትንም ቢሆን እንደ ጤነኛ ብረት አይቆጥረውም፣ ከሥሩ የቀረውን ብረት ነው የሚያየው። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። አልትራሳውንድ ቅርፊት ላይ ዋጋ የለውም።

መጥፎ ጎኑ፣ ኢንሱሌሽኑ እርጥብ ይሁን ደረቅ አይነግርህም። ዛሬ 100 በመቶ የሆነ ግን በእርጥብ ጥጥ የተጠቀለለ ቧንቧ የነገ በሽተኛ ነው። ለእርጥበቱ የሙቀት ካሜራ ወይም በኒውትሮን የሚሠራ መለኪያ ትጠቀማለህ። የሙቀት ካሜራ ደግሞ በሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ያታልላል፣ የሰማዩን ነጸብራቅ ያሳይሃል። አንድ መሣሪያ ሁሉን አይችልም።

ኮይል_ጠምጣሚ

እሺ አሁን የእኔ ተራ። ለመመረቂያዬ ትንሽ ፐልስድ ኤዲ ከረንት እየሠራሁ ነው። ተቀባዩን በምን ላድርገው? ኮይል፣ የሆል ሴንሰር ወይስ ጂኤምአር (ሁለቱ የማግኔት መስክ የሚያነቡ ቺፖች)? እስካሁን ሁለት ሞስፌት (ጅረቱን የሚያበራና የሚቆርጥ ትራንዚስተር) አቃጥያለሁ፣ ሦስተኛው ጭስ እያሰበ ነው።

ሚሊሜትር

በሞስፌቱ እንጀምር። ኮይል ጅረቱ ሲቆረጥበት ቮልቴጅ ይተፋል፣ ማብሪያህን የሚበላው እሱ ነው። መከላከያ አድርግለት። ግን ተራ ዳዮድ ብቻ ካደረግህ ጅረቱ ቀስ ብሎ ይጠፋል፣ አንተ ደግሞ ድንገተኛ መቆረጥ ነው የምትፈልገው። ዜነር (ከተወሰነ ቮልቴጅ በላይ ሲሆን ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ) ጨምርበት፣ ቮልቴጁ ሞስፌቱ እስከሚችለው ከፍ እንዲል ፍቀድለት።

ሴንሰሩን በተመለከተ፣ ኮይል የሚሰማው የመስኩን ለውጥ ፍጥነት ነው። የምልክቱ ጭራ ላይ ለውጡ ዘገምተኛ ስለሆነ ምልክቱ ይመነምናል። በብዙ ዙርና በትልቅ ስፋት ታካክሰዋለህ። ሆል ሴንሰር መስኩን በቀጥታ ነው የሚያነበው፣ ዝግታ አያስቸግረውም። ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው። ጫጫታው ግን ብዙ ነው፣ ከ50 ሚሊሜትር ርቀት የሚመጣውን ደካማ ጭራ ይውጥብሃል። ጂኤምአር ከሆል በጣም ይሰማል። አልበርት ፈርትና ፒተር ግሩንበርግ በ1988 ያገኙት፣ በ2007 ኖቤል ያሸለማቸው ክስተት ነው፣ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ማንበቢያዎችን የለወጠው። ግን ሁለት አመል አለው። ቶሎ ይጠግባል፣ በዋናው ፐልስ ጊዜ ይታወራል። ደግሞም አብዛኛው ዓይነት የመስኩን አቅጣጫ አይለይም፣ መደብ የሚሆን ትንሽ ማግኔት ትሰጠዋለህ።

እኔ ብሆን በኮይል እጀምራለሁ። አንዱ ፐልስ ላይ አትመን፣ በመቶ የሚቆጠሩ ደማምረህ አማካይ ውሰድ። ፐልሶቹን ከመብራቱ 50 ኸርዝ ጋር አስማማና አቅጣጫቸውን እየገለበጥክ ልቀቅ፣ የግድግዳው ሶኬት ዘፈን ይጠፋልሃል። ውጤቱን በሁለቱም በኩል በሎጋሪዝም ሳለው። ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ፣ ከዚያ ጉልበቱ ይታጠፋል። የምትፈልገው ያንን ጉልበት ነው።

ኮይል_ጠምጣሚ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ዜነሩን ዛሬ ማታ።

ሁለተኛ_ፈረቃ

አንድ ሻጭ ደግሞ ምንም ፐልስ የማይለቅ መሣሪያ አሳየን። ከቧንቧው ጎን እየሄድክ መስኩን ብቻ ታነባለህ፣ ዝገት ያለበትን እሱ ያውቃል ይላል። ምን ትላላችሁ?

ሚሊሜትር

የምድር መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው፣ ብረት ሲያገኝ ይጎብጣል። እስከዚህ እውነት ነው። ግን ብረት ቂም ይይዛል። ሲመረት፣ ሲበየድ፣ በማግኔት ክሬን ሲነሳ፣ ሲጎብጥ፣ ግፊት ሲበዛበት፣ ሁሉም አሻራውን ይተውበታል። አንድ ጉብታ ስታይ ዝገት ነው ወይስ የዛሬ ሃያ ዓመት የተበየደ ነገር? መለየቱ ከባድ ነው።

አልሰድበውም። አንድ ነገር ግን ጠይቀው። እናንተ የምታውቁት፣ እሱ የማያውቀው ጉድለት ያለበት ቧንቧ አምጡና ሸፍናችሁ ስጡት። ለማንኛውም ሻጭ እንዲሁ አድርጉ።

ቧንቧ_ጠባቂ

ተመለስኩ። ብዙ ነገር ሆኗል።

በመጀመሪያ ሚሊሜትር ያልሽውን ይዤ ወደ ለኩልን ሰዎች ደወልኩ። ጥሬውን ምልክት ላኩልኝ አልኩ። ላኩልኝ፣ ጨዋ ናቸው። ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ማሽኑ በራሱ ሚሊሜትር አይሰጥም። ደህና ነው ብለው ባሰቡት አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡትና «ይህ 100 ነው» ይሉታል። የቀረው ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው። ያን ቦታ ደግሞ ማንም ከፍቶ አልለካውም። ትናንት ከፈትኩትና በአልትራሳውንድ ለካሁት። 6.3 ሚሊሜትር!

ስለዚህ 91 በመቶ የተባለው ከ7.1 ሳይሆን ከ6.3 ነው። 5.7 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ7.1 አንጻር 81 በመቶ። አረንጓዴ የነበረው ቢጫ ሆነ።

ክፈተው

ኧረ በስማም።

ጋሼ_ዝገት

ቆይ፣ አትደንግጥ። 6.3 ስላነበብክ ተበልቷል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ቧንቧ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተጻፈው ውፍረት እስከ 12.5 በመቶ ቢያንስ ይፈቀዳል። የ7.1 ዝቅተኛው 6.2 ነው። የአንተ ቧንቧ አዲስ ሳለም 6.3 ሊሆን ይችላል። ላዩ ለስላሳ ነበር ወይስ ሻካራ? ቀለሙስ?

ቧንቧ_ጠባቂ

ለስላሳ ነው ጋሼ። ቀለሙም እንዳለ ነው።

ጋሼ_ዝገት

እንግዲያው ከላይ አልተበላም። ከውስጥ አለመበላቱን ደግሞ አልትራሳውንዱን በዙሪያው አሽከርክረህ እየው። ሁሉም ቦታ 6.3 አካባቢ ከሆነ የተወለደው እንዲሁ ነው። ዋናው ነገር አሁን መነሻህን አውቀሃል።

ሚሊሜትር

ጋሼ የነኳት ነገር ናት ብዙ ሪፖርት የምታበላሸው። የብረቱ ማግኔታዊ ባህርይ ከቧንቧ ቧንቧ ይለያያል፣ ያው ርዝመት ላይ እንኳ በትንሹ ይዋዥቃል። አንዱ ቧንቧ ላይ የተወሰደ 100 ተበይዶ ለተቀጠለው ለሚቀጥለው ላይሠራ ይችላል። ኤልቦ (የቧንቧው መታጠፊያ) ላይማ ጨርሶ አይሆንም። ሙቀቱም አለ። ብረት ሲሞቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያስተላልፍም፣ አዙሪቱ ቶሎ ይሞታል፣ ማሽኑም ቧንቧው የሳሳ ይመስለዋል። መነሻው ቀዝቅዞ ተወስዶ ቀሪው ሞቆ ከተለካ ጣጣ ነው።

ደጋፊው አጠገብ ያለውን ንባብ ደግሞ ለብቻው እየው። የደጋፊው ብረት ራሱ ምልክቱን ይጨምርበታል፣ ውፍረት ያለ ያስመስላል። ቀዳዳህ ተደብቃ የቀረችው በዚህ ይመስለኛል።

ቧንቧ_ጠባቂ

የደጋፊዎቹን ንባቦች አሁን አየኋቸው። 103፣ 104፣ 106 ይላሉ። ያኔ «ጎበዝ ቧንቧ» ብዬ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ላሜራ_ሠራተኛ

ከ100 በላይ የሚያገኝ ተማሪና ቧንቧ ይጠረጠራሉ።

ቧንቧ_ጠባቂ

የመጨረሻው ዜና። በእነዚያ ቁጥሮች ተመርተን አራት ደጋፊ ጋ ብቻ ከፈትን። መስመሩን አቁመን፣ ግፊቱን አራግፈን፣ ባዶ አድርገን። ሦስቱ ጋ ላይ ላዩን ዝገት፣ የሚያሳስብ አይደለም። አራተኛው ጋ ሮክ ውሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ። የላሜራው አፍ ወደ ላይ ነው የዞረው፣ ላሜራ_ሠራተኛ ስቀህ ሙት።

ጋሼ፣ ቅርፊቱን በመፋቂያ ነካ ሳደርገው ተገምሶ ወደቀ። ሥሩ ላይ ቀዳዳ ነበር። ሳያፈስ ነው የኖረው። ቅርፊቱ ደፍኖት።

ጋሼ_ዝገት

አልኩህ። እንኳን ተረፋችሁ።

ኮይል_ጠምጣሚ

ቧንቧ_ጠባቂ ወንድሜ፣ የተቆረጠውን ቁራጭ ትጥሉታላችሁ? ለሙከራ እንዲህ ያለ እየፈለግኩ ነበር። የግራይንደር ጉድጓድ ሰው ሠራሽ ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። እውነተኛ ዝገት እንደዚያ አይበላም።

ቧንቧ_ጠባቂ

አንድ ሜትር ቆርጬ አስቀምጬልሃለሁ። ቀዳዳዋም መሃል ላይ አለች። ውሰደው፣ እኔስ ባላየው ይሻለኛል።

ኮይል_ጠምጣሚ

ከሁለት ሳምንት በኋላ እየጻፍኩ ነው። ሦስተኛው ሞስፌት በሕይወት አለ፣ ዜነሩ ሠርቷል። ኮይሌ 300 ዙር ነው። ቁራጩ ላይ ያው 50 ሚሊሜትር ሮክ ውልና አሉሚኒየም ላሜራ ጠቅልዬ፣ ከቀዳዳዋ ርቄ ደህናው ጋ 100 አልኩት። ከዚያ ቀዳዳዋ ትክክል ላይ አሳረፍኩት። ጉልበቱ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አለች፣ ዓይኔን ካላጠበብኩ አላያትም ነበር።

95 ነው ያነበበልኝ። ላሜራውን አውልቄ ቧንቧውን ወደ መስኮት አዞርኩት። በቀዳዳዋ በኩል ከደጅ ያለው ዛፍ ይታያል።